የታንኳ ጣሪያ ሠርቼ ጁሪ ላይ ተዋረድኩ፤ ዲዛይን ከየት ነው የሚጀመረው?

ደንገል_02 · ሰኞ፣ ማታ 4፡15

እንዴት አመሻችሁ። አርክቴክቸር ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ባህር ዳር። የት ግቢ እንደሆነ ይቅር፤ መምህሬም እዚህ ሊኖር ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዋ የስቱዲዮ ፕሮጀክታችን ትንሽ ናት። ጣና ዳር፣ ጀልባ ለሚጠብቅ ሰው የሚሆን መጠለያ። ከ60 ካሬ እንዳይበልጥ። ጥላ፣ መቀመጫ፣ ዕቃ ማሳረፊያ፣ በቃ። ሦስት ሳምንት ተሰጠን። እኔ ሁለቱን ሳምንት "ኮንሰፕት" ስፈልግ ጨረስኩት። መጨረሻ ላይ ታንኳ መጣልኝ። ገልብጬ ጣሪያ አደረግኩት። ከጣና ጋር ይሄዳል፣ ባህልም አለው፣ ሲታይም ያምራል ብዬ። ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ሞዴሉን ሠራሁ። ጣቴን በከተር ቆርጬ፣ ፕላስተር ለጥፌ ነው ጁሪው ፊት፣ ማለትም ሥራችንን የሚገመግሙት መምህራን ፊት፣ የቀረብኩት።

አንደኛው መምህር ሞዴሉን አንስቶ አገላበጠውና "ይሄ ታንኳ ነው" አለ። ደስ አለኝ። "ታዲያ ሰው የት ነው የሚሆነው?" አለ። ጠቆምኩ። "ዝናቡ ከየት በኩል ይመጣል?" ዝም። "መግቢያው ለምን እዚህ ሆነ?" ዝም። "ጆንያ የያዘ ሰው በዚህ ያልፋል?" ክፍሉ ሳቀ። በ10 ቀን ውስጥ እንደገና ሠርተህ አምጣ ተባልኩ።

ሌክቸር ላይ ነጥብ፣ መስመር፣ ሪትም፣ ሚዛን ተምረናል። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ነጩ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን ምንም አይመጣልኝም። ሰው ዲዛይን የሚጀምረው ከየት ነው? ወይስ ዲፓርትመንት ልቀይር?

—

እንቅልፍ_አልባ · ሰኞ፣ ማታ 4፡22

ከተርና ፕላስተር ካየህ ገብተሃል ማለት ነው፤ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ የመጀመሪያዬን በዓሣ ቅርፅ ነበር የሠራሁት። ዓሣ ቤት ስለነበር። በሩ በአፉ በኩል ነው።

—

ጣና_ዳር · ሰኞ፣ ማታ 4፡31

እኛ ክፍል እምቦጭን ኮንሰፕት ያደረገ ልጅ ነበር። "ህንፃው ሳይቱን ቀስ በቀስ ይወርራል" አለ። ጁሪው አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አለ። አሁን ባንክ ነው የሚሠራው።

—

ሰሜን_ብርሃን · ሰኞ፣ ማታ 5፡10

አይዞህ። አምስተኛ ዓመት ነኝ፣ ቴሲስ ላይ። ጁሪ ላይ ያልተሳቀበት የለም። እኔ አልቅሼ ሽንት ቤት የተደበቅኩበት ቀን አለ።

አንተን የጣለህ ታንኳው አይደለም፣ "ኮንሰፕት" የሚሉት ቃል ነው። ስንገባ ሁላችንም ኮንሰፕት ማለት ህንፃው የሆነ ነገር ሲመስል ይመስለናል። ቡና ቤት ከሆነ ጀበና፣ ቤተ መጻሕፍት ከሆነ የተገለጠ መጽሐፍ። ከሰማይ ካልታየ በቀር ማንም የማያውቀው ጀበና።

ታንኳን ግን አጠገቡ ቁጭ ብለህ አይተኸው ታውቃለህ? ቅርፁን ተወውና አሠራሩን። አንዱን የደንገል ዘንግ በእጅህ ታጥፈዋለህ። ብዙ ሆኖ ሲታሰር ሰውና ጭነት ይሸከማል። ውሃ ይጠጣል፣ በዋለ ቁጥር ይከብዳል። ለዚያ ነው ባለቤቶቹ አውጥተው ዳር ላይ የሚያቆሙት፣ እንዲደርቅ። ሲያረጅ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ቀጭን ዕቃ አብዝቶ ማሰር አለ። ነፋስ የሚያሳልፍ ጥላ አለ። ያረጀውን ብቻ ነቅሎ መቀየር አለ። ጣሪያህ ከነዚህ አንዱን ቢወስድ ታንኳ መምሰል አይጠበቅበትም።

ሌላው፣ ዘጌ ሂድ። ለፎቶ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ክፍላችን ክብራን ገብርኤልን ሊያይ ሲወጣ፣ እዚያ ሴት ስለማይገባ እኛ ሴቶቹ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄድን። ተናድጄ ነበር የሄድኩት። ከጀልባ ወርደህ በቡናው ጥላ ሽቅብ ትወጣለህ። ቅጥሩ ውስጥ ስትገባ ሰማዩ ክፍት ይላል። ጫማህን ታወልቃለህ። ቅኔ ማኅሌቱ ክብ ነው። ብርሃኑ ቀነስ ይላል፤ ማንም ዝም በል ሳይልህ ድምፅህም አብሮ ይቀንሳል። ወደ ውስጥ ስታልፍ መሐል ላይ መቅደሱ ቆሟል፤ ክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል። ሥዕሉን ከአንድ ቦታ ቆመህ አትጨርሰውም፤ አራት ማዕዘኑን መዞር አለብህ። ቤቱ ራሱ እያዞረህ ነው። ሌክቸር ላይ "ሰርኩሌሽን" (ሰው በህንፃው ውስጥ የሚዘዋወርበት መንገድ) እና "ትራንዚሽን" (ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው መሸጋገር) ሲሉኝ የሸመደድኩት ነገር እዚያ በባዶ እግሬ ገባኝ።

ከዚያ ስመለስ ጀልባው ላይ ማስታወሻዬን አውጥቼ ቤተ ክርስቲያኑን አልሣልኩም። የሣልኩት ከጀልባው እስከ መቅደሱ ስንቴ እንደጨለመና እንደበራ ነው። አንድ የተሰባበረ መስመር። እስካሁን አለኝ።

—

ፒክስል · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡05

ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ ዘመን ስለ ደንገልና ስለ ባዶ እግር? ኮምፒውተር ላይ፣ በስኬችአፕ ሞዴሉን አንሳው፣ በሉሚዮን ሬንደር አድርገው፤ እንደ ፎቶ ይወጣልሃል። ውሃ፣ ፔሊካን፣ ከኋላ ጀምበር ስትጠልቅ። ጁሪ የሚያየው እሱን ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ኤ አግኝቻለሁ።

—

ማገርና_ወጋግራ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡40

ፒክስል፣ ያንን ሬንደር ባለፈው ስትለጥፈው አይቼዋለሁ፣ ያምራል። አንድ ነገር ብቻ። ጀምበሯ ከሐይቁ መሐል፣ ልክ ፊት ለፊት ነው የምትጠልቀው። ባህር ዳር ያለችው ከጣና በስተደቡብ ነው። ከዳሩ ቆመህ ወደ ውሃው ስታይ ፊትህ ወደ ሰሜን ነው። ፀሐይ በሰሜን የምትጠልቅበት አገር ካገኘህ ሳይቱን ላክልኝ፣ እኔም መሬት ልመራ። ሶፍትዌሩ አላጠፋም፤ ሰሜንን ያልነገርከው አንተ ነህ።

ደንገል፣ ሥራ ላይ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ነጭ ወረቀት እስካሁን ያስፈራኛል። ስለዚህ ቶሎ አቆሽሸዋለሁ። መጀመሪያ የሰሜን ቀስት። ቀጥሎ ውሃው፣ መንገዱ፣ ያለው ዛፍ፣ ሰው የሚመጣበት በኩል። ህንፃ ገና የለም። በላዩ ትሬሲንግ ፔፐር (ከስሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት) ዘርግቼ በወፍራም እርሳስ ዝም ብዬ እሞክራለሁ። አንዱ ሲበላሽ ሌላ ወረቀት እዘረጋለሁ። አሥረኛው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ትመጣለች። ካልመጣች፣ አሥራ አምስተኛው ላይ።

ቀስቱን ካስቀመጥክ ፀሐይዋን ጠይቃት። ባህር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ይህ ምን ማለት ነው? ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፣ ትንሽ ዘንበል ብላ። የፈረንጅ መማሪያ "ፀሐይ ደቡብ ናት" ሲልህ ስለ ራሱ አገር ነው የሚያወራው። ታኅሣሥ ላይ ግን እዚህም ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ቀትር ላይ ከፍታዋ 55 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ደቡብ በኩል 1.20 ሜትር ቁመት ያለው ክፍት ቢኖርህ፣ ከላዩ 85 ሳንቲም የሚወጣ ክፈፍ ቀትሩን ይከልልልሃል። 1.20ን ለ55 ታንጀንት አካፍለው፣ ራስህ ታገኘዋለህ። ጠዋትና ማታ ግን ክፈፍ አያድንም፤ ዝቅ ብላ ነው የምትገባው። ምሥራቅና ምዕራቡን በግድግዳ፣ በዛፍ ወይም በዚያ በደንገልህ ዝጋው። ዕድለኛ ነህ ደግሞ። እይታውም ሰሜን ነው፣ ለስላሳው ብርሃንም ሰሜን ነው።

ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ አየሩ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ሌሊት ይገለበጣል። ስለዚህ በሐይቁ በኩል ሙሉ መስታወት ያደረገ ተማሪ ገንዘብ ከፍሎ ነፋሱን ያስቀራል ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት። ጣና ዓመቱን ሙሉ አንድ ልክ ላይ አይቆምም። ከክረምቱ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወርዳል። ልዩነቱ ከ1 ሜትር በላይ ነው። ዳሩ ጋደል ያለ ስለሆነ ያቺ 1 ሜትር በአግድም ብዙ እርምጃ ትወስዳለች። ወለልህን ያሳረፍክበትን መስመር እንደገና እየው። አፈሩም ጥቁር ዋልካ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ ዓመት መሠረት አስላ አይልህም ማንም። ግን ከባድ ነገር ሜዳው ላይ ከመዘርጋት በጥቂት ምሰሶዎች ላይ ማንሳት ለምን እንደሚሻል ብትናገር ጁሪው ቀና ይላል።

—

ጣና_ዳር · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡02

ከርዕሱ ወጣ ልበልና፣ ዘንባባ የተተከለባቸውን ሰፋፊ መንገዶቻችንን ሁሌ እንደ ተፈጥሮ ነበር የማያቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር የሠራው ማስተር ፕላን መኖሩን ያወቅኩት አራተኛ ዓመት ስደርስ ነው። በየቀኑ የምሄድበትን ጥላ ሰው ተቀምጦ አስቦበታል።

—

አናጢው · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

ልጆች እንደምን አመሻችሁ። እኔ አርክቴክት አይደለሁም። 31 ዓመት አናጢ ሆኜ፣ ኋላም ፎርማን ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን ያሳየችኝ ልጄ ናት።

እናንተ የምትሥሉትን የምንሠራው እኛ ነን፤ እስቲ ከታች በኩል ልንገራችሁ። ደረጃ ስትሥሉ ዝም ብላችሁ መስመር አትደርድሩ። ሁለት ከፍታ ሲደመር አንድ መርገጫ ከ60 እስከ 64 ሳንቲም ይምጣ። ብሎንዴል የሚባል ፈረንሳዊ ከ300 ዓመት በፊት ያወጣው ነው ብሎ አንድ ኢንጂነር ነገረኝ፤ እኔ ግን በጉልበቴ ነው የማውቀው። ሸክም ላለበት ሰው 15 በ32 አድርጉት። አንድ ጊዜ 21 ከፍታ ያለው ደረጃ ፕላኑ ስላለ ሠራን። ባለቤቱ ከገባ በኋላ እናቱ ፎቅ ወጥተው አያውቁም።

ብሎኬት 40 በ20 ነው። ግድግዳህን 3 ሜትር ከ73 አድርገህ ስትልክልኝ እኔ ብሎኬት ልሰብር ነው። ለምን 73 ሆነ ብዬ ስጠይቅህ መልስ ካለህ እሰብርልሃለሁ። ከሌለህ 3.60 አድርገው።

ዲፓርትመንት አትቀይር ልጄ።

—

ደንገል_02 · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ፕላኔን አሁን ከፍቼ አየሁት። ግድግዳዬ 4 ሜትር ከ17 ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ነገ ጠዋት ሳይት እሄዳለሁ።

—

ደንገል_02 · ረቡዕ፣ ቀን 6፡30

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መሳፈሪያው ጋ ደረስኩ። ሜትሬን ረስቼ። እስከ 3 ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ፣ ማንም አይቀመጥም። እኔ ፕላኔ ላይ 24 መቀመጫ ደርድሬአለሁ፣ ሁሉም ወደ ውስጥ የዞሩ። ሰዎቹ ቆመው ውሃውን ነው የሚያዩት። ጀልባው ብቅ ሲል ሁሉም አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። የተቀመጠ ሰው ተራው ያልፈዋል።

ከዚያ ጀልባ ደረሰ። ጀርባቸው ላይ ጆንያ ያዘሉ ሴቶች ወረዱ። ማረፍ ሲፈልጉ እነሱም አይቀመጡም። ከተቀመጡ ለመነሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋቸዋላ። እዚያ አንድ ጫፉ የተናደ የድንጋይ አጥር አለ፣ ወገብ ላይ የሚደርስ። ሄደው ጀርባቸውን ያዞራሉ። ጆንያው አጥሩ ላይ ያርፋል። ደረታቸው ላይ የተወጠረው ገመድ ይላላል። እጃቸውን ከገመዱ ስር አስገብተው የተሰመረውን ቦታ ያሻሻሉታል፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ትንሽ ያወራሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ጆንያው አንዴም ከጀርባቸው አልወረደም። አምስት ሴት ቆጠርኩ፤ አምስቱም እዚያችው ተመሳሳይ ቦታ። ድንጋዩ እዚያ ጋ ልሟል።

በስንዝር ለካሁት። አራት ስንዝር ሞልቶ ጣት አለፈ። ዶርም መጥቼ ስንዝሬን በማስመሪያ ስለካው 21 ሳንቲም፤ እንግዲህ 86 ገደማ ነው። ስለካ አንዲት እናት "ይሄ ልጅ አጥሩን ሊገዛው ነው እንዴ?" አሉ። ሁሉም ሳቁ። ከጁሪው ሳቅ ይሻላል።

—

ሰሜን_ብርሃን · ረቡዕ፣ ቀን 6፡41

በቃ፣ ፕሮጀክትህ እሷ ናት። አጥሯ።

—

ቡናዬ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

የዘጌ ልጅ ነኝ፣ እናቴም እንደዚያ ተሸክማ ነው ያስተማረችኝ። ሲያነቡት ደስ ይላል። ግን ቀስ በል። አንተ ያየኸው ጠዋትን ነው። ጠዋት ሐይቁ ዝም ይላል፣ ሰውም ይቸኩላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይታወካል፣ ጀልባ ይዘገያል። ያን ጊዜ የሚጠብቀው የታመመ ነው፣ ልጅ ያዘለች ናት፣ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሽማግሌ ነው። እነሱ ይቀመጣሉ፣ ረጅም ሰዓት። ግማሾቹም መሬት ላይ። ጠዋትን አይተህ 24ቱንም መቀመጫ እንዳታነሳብን።

አንድ ሌላ ነገር። ሸክም ያላት ሴት ቀና ብላ አታይም። እግሯን ነው የምታየው። ምልክት ከላይ አትለጥፍላት። ወለሉ ይንገራት።

—

ደንገል_02 · ረቡዕ፣ ማታ 1፡33

እህቴ፣ ይህንን ማንም አልነገረኝም። ነገ ከሰዓት እመለሳለሁ። ሜትር ይዤ።

—

ፒክስል · ሐሙስ፣ ቀን 5፡00

እሺ፣ የጀምበሯን ነገር ተሸንፌአለሁ። ግን ጥያቄ አለኝ። በመጨረሻ አጥር ይዞ ሊቀርብ ነው? ውበቱስ? አርክቴክቸር የተማርነው አግዳሚ ወንበር ልንለካ ከሆነ አናጢው ይበቃ ነበር። (ጋሼ ይቅርታ፣ በክፉ አይውሰዱብኝ።)

—

አናጢው · ሐሙስ፣ ቀን 6፡15

አልወሰድኩትም። እውነትህን ነው፣ ለአጥር እኔ እበቃለሁ። አጥሩን የት እንደማቆመው ግን ማን ይንገረኝ?

—

ሰሜን_ብርሃን · ሐሙስ፣ ቀን 7፡50

ፒክስል ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። ልክ የሆነ ነገር ሁሉ አያምርም። 86 ሳንቲም በራሱ ምንም አይደለም። ግን አስበው፦ አንዱ ረጅም ግድግዳ ከመንገዱ በ86 ይጀምራል፤ ወደ ውሃው ሲጠጋ መሬቱ ዝቅ እያለ ግድግዳው ግን ልኩን ይዞ ይሄዳል። ወለሉን በሁለት እርከን ብታወጣው ያው ግድግዳ አንድ ቦታ መደገፊያ፣ ሌላ ቦታ 45 ሳንቲም መቀመጫ ይሆናል። ከላይ ቀጫጭን እንጨት ተደርድሮ ጥላው መስመር መስመር ሆኖ ይወድቃል። በእንጨቶቹ መሐል ያለውን ርቀት ሸክም የሚያርፍበት ጋ አጥብበው፣ መውጫው ጋ አስፋው። ሌክቸር ላይ "ሪትም" ያሉን እኮ ይሄው ነው፣ ነጥብና መስመር በወረቀት ላይ ስለሆነ ነው ያልገባን። ይህ ካላማረህ ደግሞ እንወያያለን።

—

ማገርና_ወጋግራ · ሐሙስ፣ ማታ 2፡05

የቀሩህ ቀናት ስንት ናቸው? አምስት? ሬንደር ተው። 1 ለ50 ሴክሽን ሥራ፤ ቦታውን በቁመት ቆርጠህ ከጎን የምታሳይበትን ሥዕል። ከመንገዱ እስከ ውሃው፣ ረጅም አድርገህ፣ አንድ ወረቀት ላይ። የጥቅምትን የውሃ ልክና የሰኔን የውሃ ልክ ሁለቱንም አስምር። ሰዎቹን ሣል፣ ጆንያውን ጭምር። የሰው ቁመት የሌለበት ሴክሽን አታሳየኝ። ሞዴሉን በጫማ ካርቶን ሥራው፤ ውድ ዕቃ ላይ ሰው መቁረጥ ይፈራል። ከጁሪው በፊት ባለው ሌሊት ደግሞ ተኛ።

—

እንቅልፍ_አልባ · ሐሙስ፣ ማታ 2፡07

የመጨረሻዋን አልገባኝም።

—

ደንገል_02 · ከስምንት ቀን በኋላ፣ ዓርብ፣ ማታ 3፡30

ለጠየቃችሁ ሁሉ። ጁሪው ትናንት ነበር።

ያው መምህር ነው። ሞዴሉን አላነሳውም፣ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ልክ አየው። "86 ከየት መጣ?" አለ። ስለ አጥሩ ነገርኩት። ስንዝሬን አውጥቼ አሳየሁት። አልሳቀም። ከዚያ "ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ከመጣ ዝናቡም አብሮ ይገባል፣ እነዚህ የተቀመጡት ሽማግሌ አይረጥቡም?" አለኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ነው፤ በሰሜን በኩል ጣሪያው አጭር ነው። እይታውን እንዳይሸፍን ብዬ ነበር ያሳጠርኩት። ሌላኛዋ መምህርት ደግሞ እርከኑ ጋ አንዱ ደረጃ 18 ሆኖ አገኘችው፣ ሌሎቹ 15 ናቸው። ስደክም ነው የሣልኩት። ጋሼ ቢያዩኝ ያፍሩብኝ ነበር።

ውጤቱ ቢ ነው። ከእንጨቶቹ ግማሾቹ ሲጓጓዙ ተነቃቅለዋል። ቡናዬ፣ መቀመጫዎቹን 9 አስቀርቻለሁ፣ ሁሉም ወደ ውሃው ዞረዋል። ወለሉ ላይ ሸክም ማሳረፊያው ጋ ሲደረስ ድንጋዩ ከጠፍጣፋ ወደ ጠጠር ይቀየራል፤ እግር እንዲያውቀው። እሱን መምህሩ ሁለቴ ነው ያየው።

ዛሬ አዲስ ፕሮጀክት ተሰጠን። ሦስት ሰው የሚኖርበት ትንሽ ቤት። ማታ እናቴ ጋ ደውዬ ማጀቷን እንድትለካልኝ ጠየቅኳት። "ለምን?" አላለችም። "እኔ ውስጥ እያለሁ ነው ወይስ ባዶውን?" አለችኝ። ሁለቱንም አልኳት።

—

አናጢው · ዓርብ፣ ማታ 3፡48

18ቱን አስተካክለው። ለውጤት አይደለም፣ ለራስህ።

—

እንቅልፍ_አልባ · ዓርብ፣ ማታ 3፡55

እንኳን ደስ ያለህ። በዚህ ሰዓት ኡሁ ማጣበቂያ የሚሸጥ ክፍት ሱቅ የሚያውቅ ካለ በፈጠራችሁ ይጠቁመኝ። ሰብሚሽኔ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ የዓሣው ጭራ ወድቆብኛል።